ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለው ጋዝ ጠጋኝና አሮጌው ካምፐር ቫን

ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው አቅጣጫ፣ በመለዋወጫ ሱቆች መካከል የሚገኘው ይህ ወርክሾፕ በበሩ ላይ «የጋዝ ምድጃ ጥገና» ከሚል የእጅ ጽሑፍ በቀር ስም የለውም። ዋና ሥራው የቤትና የምግብ ቤት ምድጃዎችን መጠገን ነው፤ አልጋ፣ ምድጃና በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ቫን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ብዙም እንደማያጋጥማቸው ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። እኔ የወሰድኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ጀርመን የተሠራና ወደ አገሩ ከተመለሰ የውጭ ዜጋ የተገዛ ካምፐር ነው። ቫኑ ተዘግቶ ካደረ በኋላ ጠዋት በሩ ሲከፈት ከወለሉ አካባቢ ጋዝ ይሸት ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገርለት የሚገባው አሠራሩ ነው። በከተማችን የጋዝ ማፈትለክ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈተሸው በአፍንጫና በሳሙና አረፋ ነው፤ ክብሪት ጭሮ ወደ መገጣጠሚያው የሚያስጠጋም አልጠፋም። እዚህ ግን ልኬት ይቀድማል። በዕድሜ ጠና ያሉት ዋና ባለሙያ አፍንጫ ሽታውን ቶሎ ስለሚለምደው እንደማያምኑት ነግረውኝ፣ ሲሊንደሩን አስፈትተው ከቫኑ አራቁት፤ በሬጉሌተሩ (የሲሊንደሩን ግፊት በሚቀንሰው መሣሪያ) ቦታ አነስተኛ የእጅ ፓምፕና የግፊት መለኪያ ገጥመው፣ የምድጃውንና የማቀዝቀዣውን መክፈቻዎች ዘግተው መስመሩን በተራ አየር እስከ 150 ሚሊባር ሞሉት። ጀርመን ውስጥ እንዲህ ባሉ ተሽከርካሪዎች ላይ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው ፍተሻም የሚከናወነው በዚሁ ግፊት ነው። በአየር መፈተሹ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ የሚወጣው አየር እንጂ የሚቀጣጠል ጋዝ አይደለም።

መለኪያውንም ወዲያው አላነበቡትም። ቫኑ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለነበር ወደ ጥላ አስገብተው የቱቦው ሙቀት እስኪረጋጋ ጠበቁ። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይቀንሳል፤ የአዲስ አበባ የጠዋት ቅዝቃዜና የረፋድ ፀሐይ በሚፈራረቁበት ሰዓት በችኮላ የሚደረግ ልኬት ጤነኛውን መስመር የሚያፈተልክ፣ የሚያፈተልከውን ጤነኛ ሊያስመስል ይችላል። ሙቀቱ ከተረጋጋ በኋላ መርፌው ቀስ እያለ ወረደ። የየቅርንጫፉን መዝጊያ ተራ በተራ እየዘጉ ልኬቱን ሲደግሙ፣ የማቀዝቀዣው መስመር ሲዘጋ መውረዱ በእጅጉ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልቆመም፤ ችግሩ ከአንድ ቦታ በላይ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው።

ሳሙናው የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከማቀዝቀዣው ጀርባ ባለው 8 ሚሊሜትር ቱቦ መገጣጠሚያ ላይ አረፋው ወዲያው አበጠ፤ ሁለተኛው ከምድጃው ሥር ያለው የደረቀና የተሰነጣጠቀ ጎማ ሆኖ ተገኘ። አረፋ የታየበትን ሁሉ በንጹሕ ውኃ አጥበው አደረቁት፤ አንዳንድ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ነሐሱን ስለሚበላው ነው።

በጥገናው ላይ ያስደሰተኝ ዳዶውን ደጋግሞ በማጥበቅ አለመታለላቸው ነው። መንገዱ ለዓመታት ሲያንገጫግጨው የላላ መገጣጠሚያ አንድ ጊዜ ተጠብቆ ካልያዘ፣ ከልክ በላይ መጥበቁ ቱቦውን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ የቱቦውን ጫፍ ቆርጠው አዲስ የነሐስ ቀለበት አስገቡበት። ረዳታቸው የቴፍሎን ጥቅል አውጥቶ ሊጠቀልል ሲል አስቆሙት፤ እንዲህ ያለው መገጣጠሚያ የሚዘጋው ብረት ለብረት ተጣብቆ እንጂ በጥርሱ ስላልሆነ፣ ቴፍሎን በመካከል ገብቶ እንዳይገጥም ከማድረግ ያለፈ ጥቅም የለውም። ጎማው ለጋዝ በተሠራና የምርት ዓመቱ በላዩ በታተመበት ጎማ ተተካ፤ ጎማውን ጨብጠው የሚይዙት ፋሸታዎችም ተለወጡ።

ሥራው በአንድ ቀን ያላለቀው በሬጉሌተሩ ምክንያት ነው። አሮጌው ሬጉሌተር ዕድሜው ስላለፈ መለወጥ ነበረበት፤ በየሱቁ የሚሸጠውን የቤት ሬጉሌተር መግጠም ቀላሉ መንገድ ነበር። ባለሙያው ግን በምድጃውና በማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ በእጅ ባትሪ አንብበው እምቢ አሉ። በዚያ ዘመን በተሠሩ የጀርመን ቫኖች ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች በ50 ሚሊባር ግፊት እንዲሠሩ የታሰቡ ሲሆኑ፣ ኋላ የመጡት የሚሠሩት በ30 ነው፤ ከሰሌዳው ጋር የማይስማማ ሬጉሌተር ነበልባሉን ያዳክመዋል ወይም ከልክ በላይ ያንበለብለዋል። ተገቢው ሬጉሌተር ከጀርመን በሚመጣ ዘመድ እጅ እስኪደርስ ድረስ መስመሩን በመክደኛ ዘግተው መለሱልኝ። ያለ ምድጃ መቆየቱ ቢያበሳጭም ውሳኔያቸው ትክክል ነበር።

ያልጠየቅኋቸውንም አይተዋል። በሲሊንደር ከሚሞሉት ጋዞች ፕሮፔን ከአየር በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚከብድ፣ ቡቴን ደግሞ ከዚያም ስለሚብስ፣ ያፈተለከው ጋዝ የሚተኛው ወለል ላይ ነው፤ ለዚህም ሲባል በሲሊንደሩ ሳጥን ግርጌ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ ይደረጋል። በእኔ ቫን ላይ ይህ ቀዳዳ በምንጣፍ ቁራጭ ተደፍኖ ነበር። ምንጣፉን ቆርጠው አወጡት፤ ለዚህ ያስከፈሉት ነገር የለም።

ሬጉሌተሩ ከተገጠመ በኋላ ምድጃው ሲለኮስ ነበልባሉ ጫፉ ላይ ቢጫ አለ። ሌላ ቦታ ይህን «ጋዝ ያፈሳል» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ባይጠፋም፣ እሳቸው ማፈትለክ እንዳልሆነ አስረዱኝ፦ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተበጀ ምድጃ በቂ አየር አያገኝም። የጋዝ መርጫውን ጠርገው አየር ማስገቢያውን አስተካከሉ፤ የመርጫውን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ለማስፋት አልሞከሩም፣ ቢያሰፉት ይብስ ነበርና። እያበሰሉ መስኮት መክፈት ግን ግዴታ ነው፤ በሚገባ ያልነደደ ጋዝ ሽታ የሌለውን መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። ከግቢው አጥር ማዶ ብረት የሚበይድ ሌላ ድርጅት አለ። በአየር ሲፈተሽ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ ሲሊንደሩ ተመልሶ ሲገጠም ግን በያጁ ለጊዜው እንዲያቆም መለመን ነበረበት፣ አንድ ቀን እምቢ ቢልስ? የማቀዝቀዣው ጭስ ማውጫ እኔ እስክጠይቅ ድረስ አልታየም፤ ጥላሸቱ የተጠረገው ከዚያ በኋላ ነው። የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ አይሸጡም፣ አይገጥሙምም። ከሁሉም የከፋው የተለካው ግፊትና የተለወጡት እቃዎች የሚጻፉበት ወረቀት አለመኖሩ ነው፤ ያገኘሁት ደረሰኝ «የጋዝ ጥገና» ከማለት አላለፈም። እንዲህ በጥንቃቄ የሚለካ ሰው ልኬቱን አለመጻፉ ያስገርማል።

ዋጋው የእጅና የእቃ ተብሎ ለየብቻ የሚነገረው ፍተሻው እንዳለቀና ጥገናው ሳይጀመር ነው፤ ፍተሻ ብቻ አሠርቶ መሄድም ይቻላል። በቫን ላይ ምግብና ቡና የሚሸጡ ሰዎችም ይህን ፍተሻ ማሠራት ይችላሉ። ቀድሞ ሄዶ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ ግቢው ከአንድ መኪና በላይ አይይዝም፣ ከሰዓት በኋላም የጭነት መኪኖች መግቢያውን ስለሚዘጉት በጠዋት መድረስ ይሻላል።