አሮጌው ካሴት ወይስ «ሪማስተር»? የመድረክ ዘፈን ቅጂ ሲገዛ

ሻጩ አንድ ዘፈን ብቻ እንዲያሰማዎ ከፈቀደ፣ ማሲንቆው ብቻውን ቀርቶ የሚያልቀውን ይምረጡ። ጆሮ የሚጣለው መጨረሻው ላይ ነው፦ ደጋኑ ለመጨረሻ ጊዜ ተስቦ ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ፣ ጭብጨባው ሳይጀምር ያለችው ሁለት ሦስት ሰከንድ። የፈረስ ጭራው ሲፋተግ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ እስከ መጨረሻው ከዘለቀ ሥራው በጥንቃቄ ታድሷል። ውሃ ውስጥ እንደገባ ከተድበሰበሰ፣ ወይም በአንዴ ጸጥ ካለ፣ ማጽጃው ሶፍትዌር የካሴቱን ሽሽታ ሲያባርር ማሲንቆውንም አብሮ ወስዶታል። የቴፕ ሽሽታና የደጋን ፍትጊያ ሁለቱም በቀጭኑ ድምፅ ክልል ስለሚገናኙ ማሽኑ ለይቶ አያያቸውም። ኪቦርድን ብዙም የማይጎዳ ማጽዳት ማሲንቆን ያደርቀዋል።

ሽፋኑ ላይ «ሪማስተር» (ድምፁ ታድሶ የተዘጋጀ) ተብሎ መጻፉ ዋስትና አይደለም። ከዋናው ሪል፣ ማለትም ሥራው መጀመሪያ ከተቀዳበት የቴፕ ጥቅል የተነሳውም፣ ሦስት አራት ጊዜ ከተገለበጠ ካሴት ተወስዶ እንዲጮኽ ብቻ የተደረገውም እኩል በዚህ ስም ይሸጣል። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ሲሰማ ቶሎ የሚማርከውም ስለሚጮኽ ነው፤ ጆሮ የጮኸው ሁሉ ያማረ ይመስለዋል። ስለዚህ ሲያወዳድሩ የአዲሱን ድምፅ ቀንሰው የዘፋኙን ጉሮሮ ከአሮጌው ጋር እኩል ያድርጉ፣ ከዚያ ጭብጨባውን ያዳምጡ። ጭብጨባው ከዘፋኙ እኩል ከገነነ፣ ከበሮ በተመታ ቁጥርም ሌላው ድምፅ ወደ ኋላ ሸሸት ካለ፣ ቅጂው ተጨፍልቋል። አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ ሥራ ሩቁ ሩቅ፣ ቅርቡ ቅርብ ሆኖ መሰማት አለበት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እየወረዱ ለመስማት ከሆነ ግን የተጨፈለቀው ይሻላል፤ ዝግ ያለውን ድምፅ ሞተሩ ይውጠዋል።

የአዝማሪ ሥራ ሲሆን ሌላም የሚታይ አለ። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚያቀብለው ታዳሚ ከማይክሮፎኑ ርቆ ስለሚቀመጥ ድምፁ ደካማ ነው። አዳሹ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ካጠፋው፣ ዘፋኙ ከማን ምን እንደተቀበለ አይታወቅም፤ ወርቁ የገባው ሰው ሳቅ ሲጠፋም ሰሙ ብቻ ይቀራል። በዘፈኖቹ መካከል ያለው ወግም ለማሳጠር ሲባል የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። የካሴቱን ሁለት ገጽ ርዝመት ከአዲሱ ጠቅላላ ደቂቃ ጋር ያመሳክሩ።

ደቂቃው ያነሰው ሁልጊዜ በመቆረጥ ብቻ አይደለም። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት፤ አዲሱ ቅጂ ሲዘጋጅ ካሴቱን ያጫወተው ማሽን 6 በመቶ ከፈጠነ 30 ደቂቃ የነበረው ገጽ 28 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ላይ ያልቃል፣ ድምፁም ግማሽ ቶን ይቀጥናል። ማሲንቆና ክራር የሚቃኙት ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ስለሆነ ባቲው ባቲ፣ አምባሰሉም አምባሰል ሆኖ ይቀጥላል፤ ስህተቱን ቅኝቱ አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው ወጉ ነው። ጎልማሳው ዘፋኝ ሲናገር ድምፁ ከወትሮው ከቀጠነ ቅጂው ፈጥኗል። ወጉ የተቆረጠበት ቅጂ ይህንንም መመርመሪያ ያሳጣል።

አሮጌው ካሴት የሚበልጠው ማንም እጁን ስላልከተተበት ነው። ያም ሆኖ ከመግዛትዎ በፊት በካሴቱ መስኮት በኩል የቴፑን ጥቅል ጠርዝ ብርሃን ላይ ይዩት። ነጭ አቧራ የመሰለ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ በደሴ ክረምትና ጉም እርጥበት ያለበት ግድግዳ ሥር የከረመ ካሴት ይህ ያገኘዋል። እንዲህ ያለውን ማጫወቻ ውስጥ አይክተቱት፣ ሄዱን (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) አቆሽሾ ወደ ሌላው ካሴት ይሻገራል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው፦ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የዋለ ካሴት ቀፎው ይጣመምና ማጫወቻው ቴፑን ይበላዋል። ከታች መሀል ላይ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ከወደቀች ድምፁ ይታፈናል፤ እሷን ከሌላ ካሴት አውጥቶ መተካት ይቻላል። ድምፁ ከታፈነ ሁልጊዜ ካሴቱን አይውቀሱ፤ የማጫወቻው ሄድ አቀማመጡ ሲዛነፍም እንዲሁ ያደርጋል። የመቅጃ መከላከያዎቹ ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ካልተሰበሩ ስበሯቸው፣ ያለዚያ አንድ ቀን ዜና ይቀዳበታል።

ሲዲ ሲሆን ገልብጡት። የታተመው ሥሩ ብርማ ነው፤ ኮምፒዩተር ላይ የተቀዳው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይጥላል፣ ቀለሙም ፀሐይ ላይ ሲውል ይበላሻል። በግዴለሽነት የተቀዳ ከሆነ በየዘፈኑ መሀል የ2 ሰከንድ ባዶ ይገባና ጭብጨባው ተቆርጦ ይቀጥላል፤ ለመድረክ ሥራ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የታተመ፣ ያልተጨፈለቀ ሲዲ ከተገኘ ቤት ለሚያዳምጥ ሰው ከአራቱ (ከካሴት፣ ከሲዲ፣ ከሸክላና ከፍላሽ ፋይል) የምንመርጠው እሱን ነው።

ሸክላ ለሽፋኑ ውበትና ማጫወቻው ላለው ሰው ይሁን። በአንድ ገጽ 22 ደቂቃ ያህል ነው የሚይዘው፤ 70 ደቂቃ የፈጀ ዝግጅት በአንድ ሸክላ ከመጣ የቀረ ዘፈን አለ።

በፍላሽ የሚጫነው ፋይል ላይ መጠኑን ይጠይቁ። 70 ደቂቃ በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወደ 168 ሜጋባይት፣ በ128 ደግሞ 67 ገደማ ይይዛል። 67ቱ የሚጎዳው ጭብጨባውን ነው፤ ብረት ምጣድ ላይ እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ ይሆናል። ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት ከሆነ ድምፁ ምንም ሳይጎድል ከ350 እስከ 450 ሜጋባይት ይደርሳል፣ ግን ከኤምፒ3 ተገልብጦ ፍላክ የተባለም አለ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ሶፍትዌር የድምፅ ምስሉን (ስፔክትሮግራሙን) ሲያዩት የካሴቱ ሽሽታ ወደ ላይ ቀስ እያለ ይሳሳል፤ 16 ኪሎኸርዝ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ካለ ተጠራጠሩ። ብዙ የቆየ የመኪና ማጫወቻ ፍላክ አያነብም፣ ፋት32 በተባለው ዓይነት ፎርማት ያልተደረገ ፍላሽም አይቀበልም። ስለዚህ ፍላኩን ቤት አስቀምጠው ለመኪናው የ320 ቅጂ ያውጡለት፤ የዘፈኖቹንም ስም 01፣ 02 እያሉ ይጀምሩ፣ ከዚያ በተራቸው አንድ በአንድ ይገልብጡ። ማጫወቻው የሚከተለው የተገለበጡበትን ቅደም ተከተል ሊሆን ስለሚችል፣ ካልተጠነቀቁ የስንብቱ ዘፈን ከሰላምታው ይቀድማል።