የመቅደላ ዘመቻ፦ የመኮንኑ ንድፍ ወይስ ፎቶው?

መቅደላን በዘመኑ እንደነበረች ለማየት የትኛው ይሻላል? በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ንድፍ የሚስሉ መኮንኖችም፣ የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር ፎቶ አንሺዎችም መጥተው ነበር።

ንድፉ፦ ከመኮንኖቹ የአንዱ፣ የሜጀር ቤይግሪ፣ ሥራዎች ለንደን ውስጥ በጋዜጣ ታትመዋል። እንዲህ ያለው ንድፍ ገደሉን፣ ጉዞውንና የበቅሎውን ሰልፍ በአንዴ ያሳያል። ችግሩ፣ ለኅትመት እንጨት ላይ የሚቀርጸው ሌላ ሰው ነው። ለንደን ተቀምጦ፣ አገሩን ሳያይ። ገደሉ ቢጋነን አይገርምም።

ፎቶው፦ የተራራውን ቅርጽ አይለውጥም። ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ይደበዝዝበታል። ዕቃውም ከባድ ነው፤ እንደልብ አይዞርም።

ሁለቱም የዘማቹ ዓይን ናቸው። ይህ ሁሌም ያመኛል።

የቦታውን አቀማመጥ ለማጥናት ፎቶውን ያዙ። ጉዞው ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ንድፉን። ለግድግዳ ከሆነ እኔ ንድፉን እመርጣለሁ።