ፎርም ላይ አማክረኝ ብዬ ከፍዬ ዋሽ ተባልኩ (2 ኮከብ ከ5)

እዚህ አሜሪካ የመንግሥት ኮንትራክተር ጋ ሥራ አግኝቼ ሲኪዩሪቲ ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) ያስፈልጋል ተባልኩና ኤስኤፍ-86 የሚሉትን የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ፎርም ስከፍተው ራሴን አዞረኝ፣ ከመቶ ገጽ በላይ ነው እኮ። በቪዲዮ ኮል የሚያማክር ሰው አለ ሲሉኝ ለአንድ ሰዓት 350 ዶላር ከፈልኩ። ስሙን አልጠራም፣ ጸቤ ከምክሩ ጋ ነው።

አድራሻ ላይ ሰውየው ጎበዝ ነው፣ አይካድም። የ10 ዓመት የኖርክበትን ሳትዘል ትጽፋለህ፣ ለቅርቦቹ 3 ዓመታት ደግሞ እዛ ስትኖር የሚያውቅህ ሰው ስም ይፈለጋል። እኔ ሦስት ወር የተከራየኋትን ቤዝመንት ጨርሼ ረስቻት ነበር፣ የባንክ ስቴትመንትህን አውጣ ብሎ እሱ ነው ያስገኘኝ። የውጭ ጉዞና አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ላይም ጥንቅቅ ያለ ነው።

ከዛ ሥራ ታሪክ ላይ ደረስን። ከአምስት ዓመት በፊት በሺፍት ጉዳይ ከሱፐርቫይዘሬ ጋ ተጯጩኸን ጥዬ ወጣሁ፣ በማግስቱ በሩ ላይ ባጄን ተቀብለው አሰናበቱኝ። ይሄን ስነግረው ወደ ካሜራው ጠጋ አለና "በፈቃዴ ለቀቅኩ በል፣ ማን ያጣራል?" አለኝ። ማን ያጣራል! የክሊራንስ ሰዎቹ እንጀራ ማጣራት አይደል እንዴ? ፎርሙ በ7 ዓመት ውስጥ ተባረህ ታውቃለህ ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቃል፣ አውቆ መዋሸት ደግሞ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌደራል ወንጀል ነው። ክሊራንስ የሚወሰንባቸው 13 ጋይድላይኖች (መመሪያዎች) አሉ፣ ጋይድላይን ኢ የሚባለው የግል ጠባይ ነው፣ እሱ ላይ ከመባረሩ በላይ የሚጎዳህ መደበቁ ነው፣ የደበቅከውን ያወቀ ሰው ሊያስፈራራህ ይችላላ። ዋሽተህ እንኳን ቢሆን ሳይደርሱብህ ቶሎ ራስህ ካረምክ ያቀልልሃል።

የባሰው ግን ካውንስሊንጉ፣ የሥነ ልቦና ምክሩ ነው። ከባለቤቴ ጋ ጀምረን በኋላ ለጭንቀቴ ብቻዬን የቀጠልኩት ነበር። "ክሊራንሱ እስኪወጣ አቁም፣ ለማንም አታውራ" አለኝ። እኔም ሞኙ አቆምኩ፣ ካውንስለር ጋ እሄዳለሁ ስትል አማኑኤል የተኛህ የሚመስለው ዘመድ ስላለኝ ወሬው ቶሎ ገባኝ መሰለኝ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የለም። አንድ ሌሊት ተነስቼ የፎርሙን ሴክሽን 21፣ ስለ አእምሮ ጤና የሚጠይቀውን፣ ራሴ ሳነበው ሰውየው ያስፈራራኝ ነገር ጭራሽ አልተጠየቀም! የሚጠይቀው ፍርድ ቤት ራሱን ማስተዳደር አይችልም ብሎህ እንደሆነ፣ በትእዛዝ ወደ ባለሙያ ተልከህ እንደሆነ፣ ለአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝተህ እንደሆነ፣ እንደ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ያሉ በስም የተዘረዘሩ ሕመሞች ተገኝተውብህ እንደሆነ፣ ወይ ደግሞ ማመዛዘንህን በጣም የሚያዛባ ችግር ካለብህ ነው። እነዚህ ውስጥ ያለ ሰውም ቢሆን ወዲያው አይጣልም፣ ሕክምናውን እየተከታተለ ነው ወይ፣ ተረጋግቷል ወይ ተብሎ ይታያል። ስለ አእምሮ ጤና የሚያወራው ጋይድላይን "አይ" (I) ላይ ካውንስሊንግ ስለሄድክ ብቻ በክፉ አይታይብህም ተብሎ ተጽፏል፣ በአሉታዊ የሚያዘው እንዲያውም የታዘዘልህን ሕክምና አለመከተል ነው። አቁም የሚለኝ ሰውዬ እንግዲህ ምን አንብቦ ነው?

ተባረርኩ ብዬ ጻፍኩ፣ ወደ ካውንስለሬም ተመለስኩ። ፎርሙን የምታጣራው ኢንቨስቲጌተር ስትመጣ ስለ መባረሬ የጠየቀችኝ አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ ምን ተፈጠረ፣ ያኔስ አሁንስ ስትናደድ ምን ታደርጋለህ አለችኝ፣ ጻፍ ጻፍ አድርጋ አለፈች። ዋናውን ሰዓት የበላው አገር ቤት ያለው ወንድሜ ነው፣ ምን ይሠራል፣ በወር ስንት ጊዜ ትደዋወላላችሁ፣ ገንዘብ ትልክለታለህ ወይ።

ክሊራንሱ ወጣልኝ። ለሰውየው ግማሹን ብር መልስልኝ ብዬ ብጽፍለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ወንድሜ፣ አገኘህ አይደል? ታዲያ አገልግሎቱ ሠርቷል ማለት ነው።" ሁለቱ ኮከብ የቤዝመንቷ ነው።