የላስቲክ ቤት ማሞቂያ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆዩ!

ትናንት ማታ ነው ከአዲስ አበባ የተመለስኩት። ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ። የታኅሣሥን ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል። እዚህ ፓፓያ ላብቅል ብሎ መነሳት ራሱ የጤና አይደለም፤ ባለቤቴም ብላኛለች። ግን ጡረታ የወጣ መምህር ምን ይሥራ? 8 በ5 የሆነች ላስቲክ ቤት ሠራሁ። ቀን ቀን ውስጧ ቆላ ነው። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ካለ ግን ላስቲኩ ብቻውን ሙቀት አይዝም።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ልገዛ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሱቁን ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ላይ የአበባ እርሻ ፎቶ፣ ዕቃው ሁሉ «ኦሪጅናል»። ልጁ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ማኪያቶ ሁሉ አዘዘልኝ። የቤቱን ልክ ጠየቀኝ፤ ቁመቱን ጨምሬ ነገርኩት። ካልኩሌተር አነሳ። ነካ ነካ አደረገ። ጣሪያ ጣሪያውን አየና ደግሞ ነካካ። «ባለ 3000 ዋቱ ይበቃዎታል፤ እንዲያውም ይተርፋል» አለኝ። 31 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰውዬ «እስቲ ቁጥሩን አሳየኝ» አላልኩም! 18,500 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ሐሙስ ሌሊት ውርጩ ወረደ። መብራት እንኳን አልጠፋም፤ ማሞቂያው ሲያጓራ አደረ። ጠዋት ስገባ ቴርሞሜትሩ ዜሮ ላይ ነው። 40 የፓፓያ ችግኝ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተዘርሯል።

ጎረቤቴ ኤሌክትሪሽያን ነው። ለካው፦ ወደ 7 አምፒር። በ220 ቮልት ብታባዙት 1500 ዋት ነው። «3000» የሚለውን ስቲከር በጥፍሩ ላጥ ቢያደርገው ሥሩ ሌላ ስቲከር አለ። «1500» ይላል።

የሚያበግነኝ ግን እሱ አይደለም። ያኔ ነው ተቀምጬ ያሰላሁት። ላስቲኩ ጣሪያውም ግድግዳውም ሲደመር 90 ካሬ ይሆናል። ነጠላ ላስቲክ በየካሬው፣ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 6 ዋት ያህል ያስወጣል። ውጭው ዜሮ ሲሆን ውስጡን 12 ላይ ለማቆየት 6500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። እውነተኛ 3000 ቢሆንም ግማሹን አይሞላም! ታዲያ ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ነበር የሚያሰላው? ዋጋውን ነዋ። ምን ያህል እንደሚጨምርብኝ።

ተሸክሜው ወረድኩ። ያው ልጅ ነው። ሶኬት ላይ ሰካው፣ ማራገቢያው ዞረ። «ይኸው ይሠራል። ምን ሆነ ትላለህ?» ትላለህ! ብሩን ስቆጥር «እርስዎ» ነበርኩ፣ ዕቃውን ስመልስ «አንተ» ሆንኩ። የተላጠውን ስቲከር ሳሳየው «ማን ላጠው? ዋስትናው በዚህ ተሰረዘ» አለኝ። ከኋላው ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ደረሰኙ ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ፤ እኔው በጄ ተቀብዬ ኪሴ የከተትኩት።

ለማንኛውም ሳትከፍሉ ማሞቂያው ስንት አምፒር እንደሚስብ እዚያው አስለኩ። ጥቁር የተቀባ በርሜል ውኃም አስገቡ፤ ባለ 200 ሊትሩ ቀን በፀሐይ ሞቆ ሌሊት በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይለቅላችኋል፣ ያውም በነፃ። ሻጩ ካልኩሌተር ካነሳ ደግሞ ወደ እናንተ አዙሩት።