ኤምቲቲ የለበሰ ላይሲን፦ ከስምንት ወር በኋላ

5 ግራሙ ጠርሙስ ሊያልቅ ነው። ታች ላይ ለአንድ ሥራ የምትበቃ ዱቄት ቀርታለች። ጎንደር በሚገኘው ላባችን ስምንት ወር አብሮኝ ስለቆየ የታዘብኩትን ልጻፍ።

ዕቃው ኤፍሞክ-ላይሲን-ኤምቲቲ ነው፤ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ዋናው አሚኑ በኤፍሞክ፣ የጎኑ አሚን ደግሞ ኤምቲቲ በሚባል መከላከያ ተሸፍኖ ማለት ነው። እኔ አጫጭር ፔፕታይድ (የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ነው የምሠራው። ሰንሰለቱ ገና ሬዚኑ (ፔፕታይዱ ተያይዞ የሚሠራባቸው የፕላስቲክ ፍሬዎች) ላይ እያለ አንዱ ላይሲን ላይ ፓልሚቲክ አሲድ የሚባል ስብ እሰካለሁ። ሊራግሉታይድ የሚባለው የስኳር መድኃኒትም ደም ውስጥ የሚቆየው ላይሲኑ ላይ በተንጠለጠለ እንዲህ ያለ ባለ 16 ካርቦን ስብ ነው። ጣጣው ሌሎቹን ላይሲኖች ሳይነኩ አንዱን ብቻ መክፈት ላይ ነው። የተለመደው መከላከያ ቦክ የሚወልቀው ፔፕታይዱ ከሬዚኑ ሲላቀቅ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ኤምቲቲን ለማውለቅ ግን ዲሲኤም (ዳይክሎሮሜቴን የሚባል ማሟሚያ) ውስጥ 1 በመቶ ቲኤፍኤ (ጠንካራ አሲድ) ይበቃል። ቦኩ ንቅንቅ አይልም።

አሲዱን ወደ ሲሪንጁ ስስብ የሬዚኑ ፍሬዎች ወዲያው ቢጫ ይሆናሉ። የወለቀው ኤምቲቲ ነው ቢጫው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሥራው ሲሠራ በዓይንህ ታየዋለህ።

ያው ቢጫ ግን አንድ ሥራ አበላሽቶብኛል። ቀለሙ ጠፋ ብዬ የአሲዱን እጥበት ሁለተኛው ዙር ላይ አቆምኩ። አሲዱ ውስጥ ያለው ቲአይኤስ (የወለቀውን ኤምቲቲ የሚይዝ ኬሚካል) ቀለሙን ራሱ እንደሚያጠፋው ልብ አላልኩም። ስቡን ሰካሁ፣ የካይዘር ቴስት (የተከፈተ አሚን ካለ ፍሬዎቹን ሰማያዊ የሚያደርግ ምርመራ) ሠራሁ፣ ፍሬዎቹ ሰማያዊ አልሆኑም። አለቀ ብዬ ተደሰትኩ። የማስ ስፔክትሮሜትሪው (የሞለኪውል ክብደት መለኪያው) ውጤት ሲመጣ ግን ከዋናው በ238 የሚያንስ ሌላ ትልቅ ፒክ አለ። ስብ ያልተሰካበት ፔፕታይድ ነው። ካይዘር የሚያየው የተከፈተ አሚን ብቻ ነው፤ ኤምቲቲ እንደለበሰ የቀረውን ከየት ያየዋል? ከዚያ ወዲህ አምስት አምስት ደቂቃ ስምንት ዙር እሄዳለሁ። ካይዘሩንም ስቡን ከመስካቴ በፊት እሠራለሁ፤ ያኔ በደንብ ሰማያዊ መሆን አለበት።

ሌላው የአገራችን ከፍታ ነው። ዲሲኤም በባሕር ጠለል እንኳ 40 ዲግሪ ግድም ላይ ይፈላል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ነው የሚፈላው። ክፍት ቢከር ውስጥ ከተውከው ዲሲኤሙ ይተንና አሲዱ እየከረረ ይሄዳል። ስለዚህ በየቀኑ አዲስ በጥብጬ ክዳን ባለው ጠርሙስ አስቀምጣለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ዱቄቱን ከፍሪጅ እንዳወጣሁ አልከፍተውም። ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ አለበለዚያ እርጥበት ይስባል።

ሬዚን ላይም ተጠንቀቁ። ሪንክ አማይድ የሚባለው ሬዚን አሲዱን ይችለዋል። 2-ክሎሮትሪቲል የሚባለው ሬዚን ከሆነ ግን ያው 1 በመቶ አሲድ ፔፕታይዱን ጭምር ይለቀዋል።

ቅሬታዬ ክብደቱ ላይ ነው። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 624.8 ነው፣ የቦኩ 468.5። ለተመሳሳይ ሞል ሲሶ ያህል ጨምረህ ትመዝናለህ። 0.1 ሚሊሞል ሬዚን ላይ ሦስት እጥፍ ስጠቀም 187 ሚሊግራም ይሄዳል፤ ጠርሙሱ ለ26 ሥራ ያህል ነው ማለት ነው። ቢሆንም አሎክ የሚባለው ሌላው መከላከያ እንዲወልቅ ፓላዲየም ይፈልጋል፣ እሱን ከመፈለግ ይሄ ይሻለኛል።

ሁለተኛውን ጠርሙስ አዝዣለሁ። አንድ ፔፕታይድ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መስካት ስለፈለግሁ በሃይድራዚን የሚወልቀውን አይቪ-ዲዲኢ የሚባል መከላከያም አብሬ ጠይቄያለሁ።