ለአይረን 883 ሁለቴ የተገዛ ማርሚታ

ሞተሬ የ2015 ሃርሊ ዴቪድሰን አይረን 883 ናት፤ ያገለገለች ነው የገዛሁት። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የምሠራው ኩላሊት እጥበት ክፍል ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ሳይደርሱ ማሽኖቹን ማሰናዳት አለብኝ፤ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሞተር አስነሳለሁ ማለት ነው። ሰዓቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያውን ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫ፣ ስገዛ ይቺን ሰዓት ረስቼ ነው ገንዘቤን ያቃጠልኩት።

(እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ኤግዞስት ነው የሚለው። እኔ ግን አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ዕቃ ሲጠሩ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ማርሚታ ማርሚታ ነው።)

ፋብሪካው የገጠመላት ማርሚታ ጨዋ ነው፣ ከልክ በላይ ጨዋ። ሞተሯን የገዛሁ ሰሞን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ቪዲዮ ደውዬ አስነሳሁለት። ትንሽ አዳምጦ “የእማዬ ሲንጀር ስፌት መኪና ነው እንዴ?” አለኝ። በፋብሪካው መፍረድ አይቻልም። በአሜሪካ ሕግ ከ1986 ወዲህ የተሠራ የመንገድ ሞተር ሳይክል በተወሰነለት የድምፅ ፈተና ከ80 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። ቢሆንም የወንድሜ ነገር ከነከነኝ።

የዚህ ሞተር ድምፅ እኮ ልዩ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው የቆሙ ሲሆን ሁለቱም ፒስቶኖች ዋናውን ዘንግ የሚያዞሩበትን አንድ ፒን (ክራንክ ፒን) ይጋራሉ። ስለዚህ እሳቱ እኩል ተራርቆ አይመጣም፤ አንዱ ከተኮሰ ከ315 ዲግሪ በኋላ ሌላው ይተኩሳል፣ ከዚያ ቀጣዩ እስኪመጣ 405 ዲግሪ ይቆያል። እንደ ከበሮ ነው፦ ቀረብ ያለ ምት፣ ራቅ ያለ ምት። ማርሚታ የሚቀይር ሰው የሚፈልገው ያን ምት መስማት ነው፤ እኔ ግን መስማትና ማደንቆር አንድ መስሎኝ ነበር።

በ190 ዶላር ከኢንተርኔት ላይ ድራግ ፓይፕ የሚባለውን አዘዝኩ። ስሙን አልጠራም፤ ቢጠራም የምታውቁት አይደለም። ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ራስ) እስከ ጫፉ ባዶ የሆነ ቀጥ ያለ የክሮም ቱቦ ነው፣ ውስጡ ምንም የለም። ማስታወቂያው “ልክ ይገጥማል” ይላል። ካርቶኑን ከፍቼ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር ላስገባ ስል ቀዳዳው ሰፋ። ከ2014 ወዲህ ያሉት ስፖርትስተሮች (አይረን 883 ከእነሱ አንዷ ናት) ሴንሰር 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረው 18። የላኩልኝ ለአሮጌው የተሠራውን ነው። ስጽፍላቸው አስማሚ ቀለበት ለብቻው ግዛ አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሞተሬ ያለ ማርሚታ ቆማ ቀለበት ስጠብቅ ባለቤቴ በጎኗ ባለፈች ቁጥር “ተፈታታ ቀረች?” ትለኛለች።

ገጠምኩት። አስነሳሁት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ይላሉ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄድኩ። ቅዳሴ ከገባ በኋላ ነበር የደረስኩት። ግቢው ውስጥ ቀስ ብዬ ለመግባት ብሞክርም የሁለት መኪና አላርም አስጮኽኩ። ነጠላቸውን ተከናንበው ደጃፍ ላይ የቆሙ አንዲት እናት ጠጋ ብለው ሞተሯን ከላይ እስከ ታች አዩና “ልጄ፣ ይኼ ነገር አሞት ነው እንዲህ የሚያቃስተው?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው የጠየቁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት መንገድ ርቄ እያቆምኩ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ።

ድምፁን ተዉት፣ ጉልበቱም ወረደ። ከመብራት ስነሳ የሞተሩ ዙር ከፍ እስኪል ድረስ ትተኛለች። ቱቦው ባዶ ሲሆን ከጫፉ ተመልሶ የሚመጣው የግፊት ሞገድ በዝቅተኛ ዙር ቫልቩ ሳይዘጋ ይደርስና የተቃጠለውን ጭስ መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ጩኸት ጉልበት አይደለም ማለት ይኼ ነው። ነዳጅ መስጠት አቁሜ ቁልቁለት ስወርድ ደግሞ ፓ! ፓ! ትላለች። ከሲሊንደሩ ሳይቃጠል ያመለጠው ቤንዚን በቱቦው ጫፍ ወይም በላላ ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው ማሸጊያ) በኩል ከሚገባው አየር ጋር እየተገናኘ ነው የሚፈነዳው። ክሮሙም ከቴስታታው ሥር መጀመሪያ ወርቅማ፣ በወሩ ሰማያዊ ሆነ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የገዛ አውራ ጣቴ አሻራ ነው፤ ስገጥም ቅባት በነካው እጄ ይዤው ኖሮ ሙቀቱ እዚያው ጋግሮ አስቀረልኝ። አዲስ ማርሚታ የምትገጥሙ ሁሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሳታችሁ በፊት በአልኮል በደንብ ጥረጉት።

በሦስተኛው ወር አንድ ሌሊት ከታች ያለችው ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ አለች። ምንም አልተናገረችም፣ ዝም ብላ አየችኝ። በቃኝ።

ቀጥሎ ዕቃ ከማዘዜ በፊት በሰው ሞተር ላይ አዳመጥኩ። ጓደኛዬ በተመሳሳይ ሞተር ላይ ባሳኒ የሚባለው ድርጅት የሚሠራውን ሮድ ሬጅ የተባለ ማርሚታ ገጥሟል፤ ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ላይ ተገናኝተው በአንድ ማርሚታ የሚወጡበት፣ ሁለት ለአንድ የሚባለው ዓይነት ነው። ነድቼዋለሁ፣ ጉልበት ከፈለጋችሁ መልሱ እሱ ነው። የአንደኛው ሲሊንደር ጭስ ሲወጣ የሌላውን ስለሚስብ መካከለኛው ዙር ላይ ሞተሩ ሌላ ይሆናል፤ አምስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ሳልቀንስ መኪና አለፍኩ። ነገር ግን ሙሉ ሲስተም ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። በዚያ ላይ የሞተሩ ኮምፒውተር ስለ አዲሱ ማርሚታ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ የነዳጁን ልክ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ እሱ በስልኩ በብሉቱዝ የሚያዘውን የቫንስ ኤንድ ሃይንስ ድርጅት ፊውልፓክ ኤፍፒ3 የሚባል መሣሪያ ተጠቅሟል። ይህን ዘልሎ ሙሉ ሲስተም የሚገጥም ሰው ሞተሩ ነዳጅ አንሶት በረሃብ እየሠራ ነው፤ ሙቀቱን እግሩ ላይ ያገኘዋል።

እኔ የመረጥኩት ስሊፕ ኦን ነው። የፋብሪካው ቱቦ እንዳለ ይቀርና የኋላው ማርሚታ ብቻ ይቀየራል። የቫንስ ኤንድ ሃይንስ ትዊን ስላሽን በጥቁር ቀለም ወሰድኩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1980 ድርጅቱን የጀመሩት ቴሪ ቫንስና ባይረን ሃይንስ የድራግ (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ የሚደረግ የፍጥነት) ውድድር ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ነጂ አንዱ ሞተር ሠሪ። ከ400 ዶላር በላይ ከፍያለሁ። በ190ው ላይ ስትደምሩት ርካሹ ዕቃ ስንት እንዳስወጣኝ ይገባችኋል።

መጀመሪያ የፋብሪካውን ቱቦ መመለስ ነበረብኝ። ደግነቱ አልሸጥኩትም፤ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጬው ነበር። ቴስታታው ላይ የሚገባውን ጓርኒሲዮን በአዲስ ለውጡ፤ ያሮጌው አንዴ ተጨፍልቋል፣ ድጋሚ አይዝም። ቱቦውን የሚያጠብቀውን ክላምፕም አዲስ ግዙ። ዳዶዎቹን ሁሉ መጀመሪያ በጣት ብቻ አስይዙ፣ ማርሚታዎቹን ስቀሉ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ከቴስታታው ጀምራችሁ ወደ ኋላ አጥብቁ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ጀምሬ አጥብቄ ቱቦው ተወጥሮ ነበር፤ ፓ! ፓ! ከሚያሰኙት አንዱ ይኼ መሆኑን የተረዳሁት ስፈታው ጓርኒሲዮኑ ላይ ጥላሸት ሳይ ነው። ሁለተኛው ሥራ ከቡና መልስ ተጀምሮ ከምሳ በፊት አለቀ።

ድምፁስ? ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ ያ ከበሮ አለ፣ ወፍራምና ዝቅ ያለ። ነዳጅ ካልሰጠኋት ታጉረመርማለች እንጂ አትጮኽም። ሌሊት ስወጣ እስከ መንገዱ ጫፍ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ጎረቤቴ መስኮት ላይ ብቅ ካለች ቆይታለች። የኮምፒውተሩን ነገር አልነካሁም፣ የአየር ማጣሪያውም የፋብሪካው ነው። እሱንም ብቀይር ኖሮ የነዳጁን ልክ ማስተካከሉ አይቀርም ነበር።

እውነተኛው ፈተና ስካይላይን ድራይቭ ነበር። 105 ማይል የተራራ መንገድ፣ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል፤ ቀኑን ሙሉ ዝቅተኛ ዙር ላይ ነው የምትውሉት። በድራግ ፓይፑ ቢሆን ኖሮ ሲመሽ ጆሮዬ ጭው ባለ ነበር። በዚህኛው ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና በራስ ቁሯ ውስጥ ባለው መነጋገሪያ ታወራኛለች፣ እኔም እሰማታለሁ። (ይህን እንደ ጥቅም ቁጠሩት ወይም እንደ ጉዳት፣ እንደየቤታችሁ።) አንድ ነገር ግን አስጠንቅቃችሁ፦ ማርሚታዎቹ በቀኝ በኩል ናቸው፣ ማንኛውም ዓይነት ቢሆን ይፋጃሉ። ልትወርድ እግሯን ስታነሳ “አንተ፣ ተቃጠልኩ!” ብላ ጮኸች፤ የቀኝ ቦት ጫማዋ ሶል እስካሁን የቀለጠ ምልክት አለው። ከኋላ የምትጭኑትን ሰው በግራ አውርዱ።

የቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ጭስ ማውጫም ይታያል፤ በድራግ ፓይፑ እንዴት እንደማልፍ ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት ነበረ። አሁን የማለፊያው ምልክት በሰላም ተለጥፎልኛል። ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ለውድድር ሜዳ ብቻ የተሠራም ይሸጣል።

ከወንድሜ ጋር ድጋሚ ቪዲዮ ተደዋወልን። አስነሳሁለት። “እሺ፣ ይኼ ሞተር ነው” ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ገባ።

ድራግ ፓይፑን በ60 ዶላር ለአንድ ልጅ ሸጥኩት። ሰማያዊውን አሳየሁት፣ የአውራ ጣቴንም አሻራ አሳየሁት፣ የሴንሰሩን ቀለበት በነጻ ጨመርኩለት። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ “ይጮኻል?” አዎ አልኩት።