አይስክሬማችንን ከድርቀት ላዳኑልን የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በቤታችን ፍሪዘር የምናስቀምጠው አይስክሬም ብዙ ሳይቆይ ፊቱ እየደረቀ፣ በላዩ የበረዶ ቅንጣት እያወጣና ጣዕሙ እየጠፋ ለወራት ስላስቸገረን፣ ፍሪዘሩ ተበላሽቷል ብዬ አንድ የጥገና ባለሙያ ጠራሁ። ባለሙያው የበሩን ጎማ ዙሪያውን ፈትሸው፣ ቴርሞሜትር ውስጥ አቆይተው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ «ፍሪዘርዎ ምንም አልሆነም፤ ችግሩ የአቀማመጡ ነው» አሉኝ። የማያስፈልግ መለዋወጫ ሊያስገዙኝ ሲችሉ እውነቱን መናገራቸው ብቻውን ሊያስመሰግናቸው ይበቃ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ጠይቀው ምክንያቱን በሥዕል አስረዱኝ።

በረዶ በደረቅና ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ይለወጣል። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የምናየው አመዳይም በአብዛኛው ከአይስክሬሙ ያመለጠ ውሃ ነው። ውሃው የሚያመልጠው አየር በሚነካው ፊት በኩል ስለሆነ፣ ዋናው ነገር ያንን ፊት ማጥበብ ነው። አንድ ሊትር አይስክሬም ጎኖቹ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ ጥልቀቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆንና 400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ለአየር ይጋለጣል፤ ያው አንድ ሊትር 10 በ10 በሆነና 10 ሴንቲ ሜትር በሚጠልቅ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ግን የሚጋለጠው 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የእኔ ዕቃ ሰፊው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የአጨላለፉ ነገር ነው። እኔ ሁልጊዜ ከመሃል እየጨለፍኩ ጉድጓድ አበጅ ነበር፤ እርሳቸው እንዳሳዩኝ ጉድጓዱ የሉል ግማሽ ቅርጽ ከያዘ፣ የጉድጓዱ ፊት በቦታው ከነበረው ጠፍጣፋ ክብ በትክክል እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከላይ እኩል እየገፈፉ መጨለፍ፣ ከዚያም ስስ ፕላስቲክ ያለ ምንም ክፍተት ፊቱ ላይ ለጥፎ መክደን ይገባል።

ታዲያ በትንንሽ ዕቃዎች ብከፋፍለውስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ኪዩብ ጠቅላላ ገጽታው 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ያው ይዘት ጎናቸው 5 ሴንቲ ሜትር ወደሆነ ስምንት ኪዩቦች ሲከፋፈል 1200 እንደሚደርስ አስልተው አሳዩኝ። ሙቀት የሚገባው በዚያ ገጽታ በኩል ስለሆነ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ትንንሾቹ ቶሎ ይላላሉ፤ ተመልሰው ሲጠነክሩም በውስጣቸው ያለው የበረዶ ቅንጣት እየተለቀ ይሄዳል። የሚሻለው በአንድ ጠባብና ጥልቅ ዕቃ አስቀምጦ፣ ሲጎድል የተረፈውን ልክክ ወደሚል ትንሽ ዕቃ ማዛወር፣ ቦታውንም ከበሩ አርቆ ወደ ውስጥ ማድረግ ነው።

እንደነገሩኝ አድርጌ ስድስት ሳምንት የቆየው አይስክሬም ትናንት ሲከፈት ፊቱ ለስላሳ ነበር። ከልብ አመሰግናቸዋለሁ፤ ፍሪዘር ወይም ፍሪጅ የሚያስቸግረው ሰው ሁሉ በእምነት እንዲጠራቸው እጠቁማለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን በይፋ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ፣ የምትፈልጉ በግል ብትጽፉልኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።